ለአንዲት ቬንትሌተር ብዬ

"አንድ ደረጃ ቀንስ" እለዋለሁ።

"ቀነስኩ እታለም" ይላል ታናሽ ወንድሜ በስፒከሩ። "ከረንቱ ወረደ። ኧረ ይቺ ሆዳም የምግብ ፍላጎቷ ተዘጋ እንዴ?"

ሳላስበው እስቃለሁ። እኔ ከተማ ነኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን ዎርክሾፕ ውስጥ። እሱ የተራራው ጣቢያ ጠባቂ ነው። የእኔ ድምፅ የሚደርሰው በከተማው ማሰራጫ ነው፤ የእሱ የሚመጣልኝ ግን ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ በሠራኋት በአዲሷ ማሰራጫ ነው። ሆዳም የሚላት እሷን ነው። ስሙን የወረሰችው ከአሮጌዋ ነው እንጂ እሷስ ምስኪን ናት።

አሮጌዋ በጄኔሬተር ነበር የምትሠራው። ከተራራው ማዶ ያሉት መንደሮች ስልክ በሙሉ በአንድ ሰፊ ባንድ ላይ ተደራርቦ በእሷ በኩል ያልፋል። ሲግናሉ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ድንገት ይዘላል። እሷ ግን ለዚያች ዝላይ ስትል ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ትጠጣለች፤ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቅ እንግዳ በየቀኑ እንደሚደግስ ሰው። የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መሥሪያ ቤቱ የነዳጁ ነገር መረረውና በሶላር ብቻ መሥራት ካልቻለች ጣቢያው ይዘጋ አለ። ከተዘጋ ወንድሜ ሥራ የለውም። እናታችን ደግሞ ከነዚያ መንደሮች በአንዱ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ ድምፅዋን የምሰማበት ሌላ መንገድ የለኝም።

እኔ ያደረግኩት ድግሱን በእንግዳው ልክ ማድረግ ነው። ሲግናሉን ለሚያጎላው ማጉያ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ሲግናሉን እየተከተለ፣ ሲዘል ከፍ፣ ሲወርድ ዝቅ ይላል። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሥራዋ ሁሉ የሚያኮራ ነበር።

አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ ያንኳኳል። የሞገድ ተቆጣጣሪዎቹ የፈቀዱልን ለዛሬው ሙከራ ብቻ ነው። ከጎናችን ያለው ቻናል የአምቡላንሶች ስለሆነ፣ ወደዚያ ከፈሰስን ፈቃዱ ወዲያው ይሰረዛል።

"በል እንግዲህ፣ የመንደሮቹን ስልክ ሁሉ ልቀቅባት" እላለሁ።

"ለቀቅኩ።"

ስክሪኑ ላይ ሲግናሉ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ጫፍና ጫፉ ግን ያብጥ ጀመር። ከዚያም ተረፈና ወደ ጎረቤት ቻናል ፈሰሰ።

"ወንድምዬ፣ የኃይል ሳጥኑን የት ነው ያስቀመጥከው?"

"አንቺ እንዳልሽኝ ነዋ! ውጪ፣ ጥላው ጋ። ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ቬንትሌተሩን ነቅዬ ጣልኩልሽ፤ እሱ የሚበላው እንኳ ተረፈልሽ።"

"ኬብሉስ?"

"አስረዘምኩታ። ሳላስረዝመው እንዴት ይደርሳል?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔው ነኝ። እዚህ ሳጥኑና ማጉያው ጎን ለጎን ነበሩ፤ ኃይሉ ከዝላዩ እኩል እንዲደርስ ሰዓታቸውን ያስተካከልኩትም በአጭሩ ኬብል ነው። ትንሽ ኃይል ላተርፍ ብዬ ሳጥኑን ከቤት አስወጣሁት። አሁን ኃይሉ በረዥሙ ኬብል ዞሮ እስኪደርስ ዝላዩ አልፏል። እንግዳው ባዶ ገበታ አግኝቶ ወጥቷል፤ በሰዓቱ ኃይል ያላገኘ ሲግናል ደግሞ ተዛብቶ ወደ ጎን ይፈስሳል። እንዴት ይህ አይታየኝም? ለአንዲት ቬንትሌተር ብዬ!

"ኬብሉ ነው!" እላለሁ ወደ አለቃው ዞሬ። "ሌላ ምንም አይደለም። ሳጥኑን ወደ ቤት ይመልሰው፣ አጭሩን ኬብል ይግጠም፣ በቃ!"

ስልኩ ይጮሃል። አለቃው ያነሣዋል። "አዎ" ይላል። "ገባኝ። አሁኑኑ።" ሲዘጋው ፊቱን አየዋለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"አንድ አምቡላንስ ሐኪም ቤት ሲጠራ የሚሰማው አጣ" ይላል። "አጥፉ ብለዋል። ፈቃዱንም አንሥተዋል።"

"ኬብል ነው እኮ! ኬብል ብቻ!"

"አምንሻለሁ። ይቺን አንዷን ቀን ለማግኘት እንዴት እንደለመንኩ ግን ታውቂያለሽ። ሁለተኛ አይሰጡንም። አሁን በሽተኛ የጫነ ሰው እየተጣራ ነው፤ እባክሽ ይጥፋ።"

ከዚህ ሆኜ ላጠፋት አልችልም። የሚያጠፋት ወንድሜ ነው።

"ወንድምዬ…"

"ቆይ፣ ቆይ እታለም! እማዬን መስመሩ ላይ አስገባኋት። ተሳካላት ወይ እያለች ሰው መከራ ስታበላ ነው የዋለችው። ጎረቤቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛላታለች። እማዬ፣ ተናገሪ!"

ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ፣ በሠራኋት ማሰራጫ፣ ሳይቆራረጥ ይመጣል።

"ሃሎ? ልጄ፣ አንቺ ነሽ?"

አለቃው መሬት መሬት ያያል። ቁልፎቹን ማንኳኳት ትቷል።

"አጥፋው" እላለሁ።

"እ?"

"ወንድምዬ፣ አጥፋው። አሁን።"

ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ሳቁ ብቻ ከድምፁ ይጠፋል። "ለአፍታ ነው አይደል?" ይላል።

"ለአፍታ ነው" እላለሁ።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ይተኛል። ስፒከሩ ሹ ይላል። አለቃው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ይወጣል፤ በኮሪደሩ ላይ ስልክ ደውሎ፣ ጣቢያውን የሚያፈርሱት ሰዎች ይዘጋጁ ሲል እሰማዋለሁ።

የተራራው መቀበያ የሚፈልገው ትንሽ ኃይል ነው፤ አሁንም በርቷል። ወንድሜ እዚያ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቃሌን ይሰማል። መመለስ ብቻ አይችልም። የማይክራፎኑን ቁልፍ እጫናለሁ።

"ወርደህ እማዬን ተሳካላት በላት" እላለሁ። "ደግሞ የማታ መድኃኒቷን እንዳትረሳ። ሰምተኸኛል?"

ቁልፉን ለቅቄ ጆሮዬን ወደ ስፒከሩ አስጠጋለሁ።