አለቱና ግልምጫው

የሰው ዓይን ያየውን ሁሉ መሸርሸር ከጀመረ ወዲህ ቤታችን መስታወት የለም። የአፍንጫዬን ግማሽ የባለቤቴ የየሺመቤት ግልምጫ ጨርሶታል። እኔ ግን ስለምሳሳላት ቀና ብዬ አላያትም። እራት የምንበላው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነው፤ ጉርሻዋም ብዙ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ያርፋል።

ትናንት ነፋስና ማዕበል የጠረቡትን አለት ልናይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድን። አስጎብኚው ጀርባችንን ለአለቱ ሰጥተን እንድንቆም አደረገና፣ «ከሁለት አንዳችሁ ብቻ፣ ለአፍታ ታያላችሁ» አለን።

«በሞቴ፣ አንቺ እዪው» አልኳት።

«እኔ ካየሁትማ ይፈርሳል! አንተው እይና ንገረኝ።»

ዞር ብዬ አየሁት። «አናቱ መላጣ ነው፤ ጎኑ ተበልቷል፤ መሃሉ ተቦርቡሯል። ግን ይኸው እንደቆመ አለ።»

የሺመቤት ዓይኗን እንደጨፈነች ክንዴን ዳብሳ ያዘችኝ።

«ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ ያስመጣኸኝ? እንዲህ ያለውማ ቤቴ አለኝ!»