ሁለት የግራ እጅጌ

"እባቦች ናችሁ። ሁለታችሁም።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው... የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቀጥ አሉ።

ይቺ ሴት የደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራ ቦታ "ሬዲዮ" ነው የሚሏት... ጠዋት ከተከፈተች ማታ እስክትወጣ አትዘጋማ።

ፊቷ የቆሙት ሁለት ሴቶች ለዓመታት ግራና ቀኟ ተቀምጠው የሰፉ ናቸው። አንዷ በዕድሜ ትልቋ፣ ሁሉም "እናትዬ" የሚሏት። ሌላዋ ካቀረቀረችበት ቀና የማትል ዝምተኛ ልጅ።

ምን አደረጓት?

ፈተና አለፉ። ወንጀላቸው ይኸው ነው።

የቆራጭነት ፈተና በዓመት አንዴ ነው። አንድ ጃኬት ጨርቅ ላይ ለክቶ፣ አስምሮ መቁረጥ። ያለፈ ሰው ከመኪናው ተነስቶ ወደ ሰፊው የቆራጮች ጠረጴዛ ይዛወራል።

ሬዲዮ ያንን ጠረጴዛ የፈለገችው ለክብር አይደለም። ዓይኗ እየደከመ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አምስትና ስድስት ጊዜ ትሞክራለች... ሐኪሙም "መነጽሩ ብዙ አያስኬድሽም፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ" ብሏታል። ቆራጭ ካልሆነች ወደ ቤቷ ነው።

ሁለት ጊዜ ተፈተነች... ሁለት ጊዜ ወደቀች።

በሁለተኛው ጊዜ ጥፋተኛ ፈለገች፤ አላጣችም።

ስልኳ ላይ አንዱ መካሪ ነኝ ባይ "ወደ ኋላ ከሚጎትቱህ ሰዎች ራቅ፣ አካባቢህን ቀይር" ሲል ሰማችው። (ምን ልዋሽ፣ እኔም እዚሁ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ለጥፌያለሁ።)

"እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያስቀሩኝ" አለች። "ቀኑን ሙሉ ወሬ... ቀኑን ሙሉ ሳቅ... ከነሱ ጋር ተቀምጬ የት እደርሳለሁ?"

አለቃውን ለምና የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ ጥግ አስነሳች። ምሳዋንም ብቻዋን ትበላ ጀመር።

እናትዬ "ምን በደልንሽ ልጄ?" ብትላት፣ "ጊዜዬን" ብላት አለፈች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስለ ስኬት መስማት ሆነ። ጠዋት ስኬት... ምሳ ሰዓት ስኬት... ማታ ታክሲ ውስጥ ስኬት።

ዓመቱን ሙሉ ስትሰማ አንዲት ወረቀት እንኳን አልቆረጠችም።

እስቲ ምን ይባላል? ቆራጭ ልሁን የሚል ሰው መቀስ ሳይነካ ዓመት ያልፋል? እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ምክር ሰምተን ሰምተን የሠራን ይመስለናል።

ፈተናው ደረሰ። ተንደርድራ ገባች፤ ለካች፣ አሰመረች፣ ቆረጠች።

ፈታኙ ሁለቱን እጅጌዎች አንስቶ ጎን ለጎን ዘረጋቸው... ቀና ብሎም አያት።

ሁለቱም የግራ ነበሩ።

የእጅጌውን የልክ ወረቀት ሳትገለብጥ ሁለቴ አስምራበት ኖሯል። አንድ ቀን እንኳን የተለማመደ ሰው የማይሠራው ስህተት ነው።

ቀጥሎ ያለፉት ተጠሩ... እናትዬና ዝምተኛዋ። መቀሱ የተወረወረው ያኔ ነው።

"በድብቅ ስትማሩ ከርማችሁ... ያን ሁሉ ዓመት አብሬያችሁ በልቼ?"

እናትዬ ስትቆጣ ታይታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ድምጿ ተቀየረ።

"ማን ደበቀብሽ? በየቀኑ ምሳ ሰዓት እዚሁ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግተን ስንቆርጥ ነበር። አንቺ ጆሮሽን ደፍነሽ ተቀምጠሽ ምን እናድርግሽ?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ መኪናሽን ካስነሳሽ ማግስት ጀምሮ።"



"ከዚያ በፊት ያልሞከርን መሰለሽ?" አለች እናትዬ። "ከሦስት ዓመት በፊት ይቺ ልጅ ጋዜጣዋን ዘርግታ መቁረጥ ጀምራ ነበር። አንቺ ምን አልሽ? 'ኑ ዲዛይነሯን እዩልኝ' ብለሽ ክፍሉን ሁሉ ጠራሽ። ሰው ከቧት ሳቀ። ጋዜጣዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔም የራሴን ሳላወጣው ቀረሁ... ፈራሁሽ።"

ሬዲዮ "ቀልዴን እኮ ነው" ልትል አፏን ስትከፍት ዝምተኛዋ ቀደመቻት።

"ሁለት ዓመቴን በልተሽብኛል" አለቻት። "እኔ አንድ ቀን ሰደብኩሽ? አሁን ደግሞ እባብ ትይኛለሽ?"



ሬዲዮ ያ የጋዜጣ ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ስቃ ነበር። ቤቷ ገብታም ለእህቷ እየደገመች አውርታላታለች... እህቷም ስቃለች።

ዓመቱን ሙሉ "ከጎታቾች አመለጥኩ" ስትል ለካስ እነሱ ናቸው ከሷ የተገላገሉት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሬዲዮ ሁለቱ ሴቶች ምሳ የሚበሉበት ጠረጴዛ ዳር መጥታ ቆመች። ሌሊቱን ያሰናዳችው የይቅርታ ቃል ሁሉ ጠፋባት።

ዝምተኛዋ አላቀፈቻትም፤ ፈገግም አላለችላት። አንድ ጋዜጣ ወደ እሷ ገፋ አደረገች።

"ቁረጪ። አንድ ቀልድ ከአፍሽ ከወጣ ግን እኔ ነኝ የማስወጣሽ።"

ሬዲዮ ጎንበስ ብላ መቁረጥ ጀመረች። ቃል አልወጣትም።

ወገኖቼ... "አካባቢህን ቀይር" ማለት ቀላል ነው። ለጎረቤታችን፣ ለሥራ ባልደረባችን፣ ለገዛ ልጃችን አካባቢው እኛ መሆናችንን ማን ይንገረን? ከመጥፎ ወዳጅ ከመሸሻችን በፊት እኛ ራሳችን ለሰው ምን ዓይነት ወዳጅ እንደሆንን እንጠይቅ። ከዚያ ደግሞ መስማቱን ቀነስ፣ መሥራቱን ጨመር ማድረግ ነው።

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ... በእናንተ ሳቅ አፍሮ ጅምሩን አጣጥፎ ያስቀመጠ ሰው ማን ነው? "እኔ እንኳን የለብኝም" የምትሉ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁና ያለውን ጻፉልን።