ኢንሹራንስ ለምኔ

በክረምት ጭቃ ከደጃፉ ታክሲ መያዣው እስኪደርስ ሁለቴ የሚወድቅ ሰው፣ ስዊዘርላንድ ያለች ልጁ ጋብዛው በረዷማ ተራራ ላይ ስኪ ሊንሸራተት ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ! የጉዞ ኢንሹራንሱን ገዝቶ ሊወጣ ሲል የቢሮው ሠራተኛ አንድ ፎርም አወጣች።

"ጋሼ፣ ለስኪው ተጨማሪ ሽፋን ይግቡ እንጂ። አጥንት ቢሰበር፣ ከተራራው በሄሊኮፕተር ማንሳት ቢያስፈልግ ይሸፍናል።"

ሰውየው ምንም እንደማታውቅ ሕፃን አያት።

"ስሚ የኔ ልጅ፣ እናንተ ብወድቅም ባልወድቅም ቀድማችሁ ነው ገንዘቡን የምትቀበሉት። ገብርኤል ግን በሰላም ስመለስ ነው የሚቀበለኝ። ምንጣፍ ተስዬለታለሁ፤ አበቃ!"

"ከዚህ በፊት ስለትዎ ሰምሮ ያውቃል?"

"ምን ነካሽ! ልጄን ማን የላካት መሰለሽ? ቪዛ ከልክለዋት ለገብርኤል ጃንጥላ ብሳል፣ በሳምንቱ ጠርተው ሰጧት። ይኸው ከሄደች ስምንት ዓመቷ!"

"እሰይ!" አለች ሠራተኛዋ ፎርሙን ወደ መሳቢያው እየመለሰች። "ጃንጥላውን ታዲያ መቼ አስገቡ?"

ሰውየው በሩን ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ተመለሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ያ ተጨማሪው..." አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አንገትንም ይጨምራል?"