በጋኑ አፍ ላይ

ስቬሬ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳሳረፈ የመርከበኞቹ አለቃ ሃልቫር አንገትጌውን ጨምድዶ ወደ ኋላ ይጥለዋል። ከዚያም በመርከቧ የነዳጅ ጋን አፍ ላይ በደረቱ ይተኛል።

«ማንም አይወርድም! የአየር ጭንብሉ እስኪመጣ ማንም!»

«ታች ያለው ኤይቪን እኮ ነው!» ይላል ስቬሬ። «ወንድምህ ነው እኮ! አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?»

ነዳጅ ጫኟ መርከብ ባዶዋን ቀይ ባሕርን እያቋረጠች ነው። አዲስ ጭነት ከመቀበሏ በፊት ጋኖቿ መጠረግ አለባቸው። ኤይቪን ከጋኑ ሥር ሆኖ የነዳጁን አተላ በባልዲ ይልክ ነበር። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ የሩዝ ገንፎዬን እንዳትጨርሱብኝ!» ብሎ ሲጮህ ከላይ ያሉት ሁሉ ስቀዋል። ቀጥሎ የሳቡት ባልዲ ባዶውን መጣ። ስቬሬ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጓደኛው አተላው ውስጥ በጎኑ ተኝቷል።

አተላው ሲነካካ የሚወጣው ትነት ሰው ይጥላል፤ ሊያነሣው የወረደውንም ይደግማል። ሃልቫር በሌላ መርከብ ላይ አንዱን ሊያወጡ ተከታትለው የወረዱ ሦስት ሰዎችን በገመድ ስቦ አውጥቷል። አንዳቸውም አልተነሡም።

ከታች ማንኮራፋት ይሰማል። በሕይወት አለ ማለት ነው።

«ኤይቪን፣ የኔ ልጅ» ይላል ሃልቫር ወደ ጨለማው። «ጭንብሉ እየመጣ ነው። አይዞህ፣ በደንብ ተንፍስ።» የሚተነፍሰው ምን እንደሆነ ትዝ ይለዋል። «አይ፣ አትተንፍስ። ትንፋሽህን ትንሽ ያዝ አድርገው፣ የኔ ጌታ።»

ስቬሬ ጀርባውን በቡጢ ይደበድበዋል። «ገዳይ! ለእናትህ ምን ልትላት ነው?»

ሃልቫር የጋኑን ጠርዝ በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል። አባታቸውን በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ባሕር ከነመርከቡ ውጦታል፤ እናታቸው ይህን የመጨረሻ ልጇን የሰጠችው «ካንተ ዓይን እንዳይርቅ» ብላ ነው። ወንድሙ ከዓይኑ አልራቀም። እዚያው እያየው ነው።

ማንኮራፋቱ ይቆማል። ስቬሬም መደብደቡን ያቆማል።

ጭንብሉን ሊያመጣ የሄደው መኮንን እያጠለቀው ከመርከቧ ኋላ በሩጫ ይደርሳል። ሃልቫር ተነሥቶ መንገድ ይለቅለታል፤ መኮንኑ ታች ወርዶ ኤይቪንን ያሰረበትን ገመድም ከሌሎቹ ጋር ይስባል። ኤይቪን በአተላው ጠቁሮ ይወጣል። በሆዱ አስተኝተው ጀርባውን ይጫኑታል፣ ክንዶቹን ያነሣሉ፣ ደግመው ይጫኑታል። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ እሱ ግን እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በመጨረሻ መኮንኑ እጁን ከኤይቪን ጀርባ ያነሣና ራሱን ይነቀንቃል።

«ታች የቀረ ሰው አለ?» ሲል ይጠይቃል ሃልቫር።

«ማንም የለም፣ አለቃ» ይላል ስቬሬ እያለቀሰ። «ሁሉም እላይ ነው።»

ያኔ ሃልቫር ወደ ጋኑ አፍ ዞሮ መጮህ ይጀምራል።

«ልቀቁኝ! ወንድሜ ነው፣ ልውረድ! ልቀቁኝ!»

የያዘው ሰው የለም።