ከዳኛው ጀርባ

ከትሕትናና ከእኔ አንዳችን ለትምህርት ውጭ አገር እንላካለን። የሚመርጡት የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ጓንጉል ናቸው። ዛሬ ጥናቷን ስታቀርብ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ከፊት ሁኚልኝ እሺ? ስፈራ አንቺን ነው የማየው» ብላኝ ነበር። ሁሉም ይወዳታል። እኔም ብወዳት ይቀለኝ ነበር።

ጥናቷ ስለ ድሮ እንግሊዝ በራሪ ጽሑፎች ነው። ጽሑፎቹ ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ ዶልተዋል የሚል የሐሰት ወሬ ነዝተው ብዙ ንጹሐንን አስገድለዋል። ከአንዱ የወሰደችውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራችው። ስትለማመድ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ያሉበት ዳኛ፣ እስረኛና ሁለት ወታደሮች ብቻ ናቸው።

ዛሬ ከዳኛው ጀርባ አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋለች። እኔም አክስቴ ከሞተች ወዲህ የምለብሰው እንደዚያ ነው። ትሕትና ልትቀልድብኝ የጨመረቻት መሰለኝና ደሜ ፈላ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያቁነጠንጠኝ የሰነበተውን ውሸት ለመናገር ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ወደ ዶክተር ጓንጉል ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ጥናት እኮ ከሰው ገልብጣ ነው...»

አልሰሙኝም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ትሕትና» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይቺ ሴት ቅድም ቀጥ ብላ ቆማ አልነበረም? መቼ ነው ወደ ዳኛው ጆሮ ያጎነበሰችው?»