ካሌብ ያልጮኸው ጩኸት

የካሌብ ድምፅ የተዘጋው ሰባተኛው ዘፈን መሃል ላይ ነው። በዚህ እርግጠኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፎርት ወርዝ ከተማ፣ ሄቪ ሜታል ኮንሰርቱ ላይ አራት መቶ ሰው ፊት ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም።

ቅጂው ላይ ግን ጩኸቱ አለ።

"ድገመው" አለ ካሌብ።

ጓደኛው ሲላስ ደገመው። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው የሲላስ አፓርትመንት፣ ስቱዲዮ ባደረጋት ጠባብ ክፍል፣ ሁለቱም ስፒከሩ ላይ አፈጠጡ። ጊታሩ ያጓራል፣ ድራሙ ይወርዳል፣ ከዚያ ያ ነገር ይመጣል። ከመሬት በታች የሚወጣ ይመስላል። ስምንት ሰከንድ ሙሉ አይቆረጥም።

"አንተ ነህ የጨመርክበት?"

"ብሮ፣ እኔ የቸርች ሳውንድማን ነኝ። እንዲህ ዓይነት ጉሮሮ ከየት ልግዛ?"

እውነቱን ነው። ሲላስ እሁድ እሁድ የአማርኛ ቸርች ሚክሰር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሄቪ ሜታል የቀዳው ለካሌብ ብሎ ነው፤ ያውም ፓስተሩ እንዳይሰሙ እየተሳቀቀ።

ሐሙስ ካሌብ ጉሮሮውን ኦፕሬሽን ይደረጋል። ዶክተሯ "ማውራት ታወራለህ፤ መጮኹን ግን እርሳው" ብላዋለች። ሶ፣ ይኼ የላይቭ አልበም የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። የአልበሙ ስም የወጣው ደግሞ ከሰባተኛው ዘፈን ነው። እሱ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ።

ሰኞ ጠዋት ቅጂውን በስልኩ ይዞ እናቱ ኪችን ገባ። እናቱ ሰብለወርቅ ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜም ሺፍት አለብኝ ብላው ነበር። ባይኖርባት እንኳ የዚያን ሙዚቃ በር እንደማትረግጥ ያውቃል። የቸርቹ የምልጃ ጸሎት ቡድን መሪ ናት። አጋንንት ስትገሥጽ ሲላስ ማይኳን ኦፍ ያደርገዋል፤ አያስፈልጋትም።

"ድምፅሽ ምን ሆነ፣ ማሚ?" አለ፤ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር።

"ጸሎት" አለች በአጭሩ።

ቅጂውን ከፈተላት። ጩኸቱ ሲደርስ የያዘችው ሳህን ሲንኩ ውስጥ ወደቀ።

"አጥፋው።"

"ምንድነው እሱ፣ ማሚ?"

"አጥፋው አልኩህ! ሰው ሳይሰማው።"

"የኔ ድምፅ አይደለም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ፊቱን ሳታይ።

ከዚያ ወዲያ ካሌብ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ አልከፈተም። ልጅ እያለ ቸርች ምንጣፍ ላይ ወድቀው በሌላ ሰው ድምፅ የሚናገሩ ሰዎች አይቷል። አንዷ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ከአፏ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። ያኔ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት እንኳ በሌለበት እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ጉሮሮውን እየዳበሰ "እዚህ ውስጥ ማን ነበር?" ይላል።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሲላስ ጋ ሄደ።

"ዲሊት አድርገው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። አልበሙ ይቅር። በኔ አፍ ሌላ ነገር ጮኾ በስሜ አላወጣውም።"

"አብደሃል? ነገ ጉሮሮህ ይቀደዳል፤ ሌላ እኮ የለህም!"

"የለኝም። አጥፋው።"

ሲላስ ማውሱን ያዘ፣ ግን አልተጫነውም። "ኦኬ። አንዴ ብቻ ማይኮቹን ለየብቻ ልክፈታቸው።" እስካሁን የሰሙት ሁሉም የተደባለቀበትን ነበር።

የካሌብን ማይክ ከፈተ። ትንፋሽ። ባዶ ትንፋሽ ብቻ።

ጊታር፣ ጩኸት የለም። ድራም፣ የለም።

"በቃ፣ ዝጋው" አለ ካሌብ።

"አንድ ቀርቷል።" ቸርች ውስጥ ሲላስ የሕዝቡ "አሜን" እንዲገባለት ሁሌ ከኋላ በር አጠገብ አንድ ማይክ ያቆማል። ቅዳሜም ከልማድ አቁሞት፣ ጨርሶ ረስቶት ነበር።

ከፈተው። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው፣ ስምንት ሰከንድ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የተሰነጠቀ ጉሮሮ ትንፋሽ፣ ቀጥሎም እስካሁን ጊታሩ ውጦት የነበረ አማርኛ፦

"አይዞህ የኔ ልጅ! እናትህ አለሁ! አትፍራቸው፣ ቀጥል!"