የአውሬው በር

አዘጋጁ በሩን በመዳፉ ይዳብሳል፤ በቅሎ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች። እኔ መድረኩ ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይሄንንም አልወደውም ካለ ሥራዬ ዛሬ አበቃ። ሌላ አናጢ ማስጠራቱን ጥበቃው ጠዋት ሹክ ብሎኛል።

«ይሄ ነው!» ይላል በመጨረሻ። «ኑማ እዩልኝ! ክፋት በር ቢሆን ይሄንን ነበር የሚመስለው።»

ተዋንያኑ ይሰበሰባሉ። ቴአትሩ ከአንድ የድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሰውዬው የተከበረ ነው፤ ቤቱ ግን ሁለት በር አለው። በፊት ለፊቱ፣ በተወለወለው፣ ጨዋ ሆኖ ይገባል ይወጣል። በጓሮው በር ሲገባ ያው ሰው አውሬ ነው። የፊት ለፊቱን በር ስሠራ አንድም ሰው እጅህ ይባረክ አላለኝም። የጓሮውን ሁለት ጊዜ ሠርቼ አዘጋጁ ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። «አሳመርከው» አለኝ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ስድብ። «አስቀያሚ በር መሥራት እንዴት ያቅትሃል?» ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት እንዲያምር ነው፤ ማስጠላት ያስተማረኝ የለም።

እኔና አዘጋጁ እዚህ ቴአትር ቤት የተቀጠርነው በአንድ ሰሞን ነው። ለተዋናይነት ነበር የተፈተንኩት። «መልክህ ለመድረክ አይሆንም፤ እጅህ ግን ደህና ነው» ብለው መዶሻ ሰጡኝ። ያን የተናገረው ሰውዬ ሞቷል። ነገሩ ግን አልሞተልኝም።

አስቀያሚ በር መሥራቱ ስላልሆነልኝ ትናንት የገዛ ቤቴን በር ከነመቃኑ ነቀልኩት። ሌላ በር የለንም። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል» አለች። «ቴአትሩ እስኪያልቅ ነው» ብዬ ክፍተቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩላት። አዘጋጁ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ ግን «ከፈረሰ ቤት» አልኩት። ምን ልበለው?

«ይሄን የተላላጠ ቀለም እዩ» ይላል አሁን። «ይሄ የነፍሱ ቆዳ ነው። ላዩ ጨዋ፣ ሥሩ ቁስል።»

ቀለሙን የቀባሁት ለሠርጌ ነው። ዝናብ የሚመታው በዚያ በኩል ነበር።

«እዚህ ታች ደግሞ ተቧጭሯል። አውሬው ልውጣ ልውጣ ሲለው በጥፍሩ ያደረገው ነው። ሳይናገር ይናገራል፣ ገባችሁ?»

እናቴ እግሯ ከከዳት በኋላ እኛ ጋ ነበረች። ፀሐይ ላይ ላውጣት ስል የተሽከርካሪ ወንበሯ ብረት ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ይጋጫል። «ቀስ በል ልጄ፣ በሩ ያመዋል» ትለኝ ነበር።

«መጥሪያም የለውም። ለምን? ሰው እንዲመጣበት ስለማይፈልግ!»

እኛ ሰፈር መጥሪያ የሚደውል የለም። ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ይገባል።

ሸንበቆ የምንለው ረጅሙ ተዋናይ፣ አውሬውን የሚጫወተው፣ አፍንጫውን በሩ ላይ አስጠግቶ ያሸታል። «ኧረ በፈጠራችሁ! ማን ነው የኖረበት?»

«ጅብ ነዋ!» ትላለች አንዷ። «ያውም ከነሚስቱ።»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ስለ ሳቅ ግን የነገረኝ የለም።

«በል ሸንበቆ፣ ግባ» ይላል አዘጋጁ።

ሸንበቆ እጀታውን ይዞ ይገፋል። በሩ ንቅንቅ አይልም። በሁለት እጁ ይገፋል። በእርግጫ ይለዋል፤ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ምንድን ነው፣ ተቸንክሯል እንዴ? አናጢው! ነገ ተመልካች ይገባል፣ አንተ የማይከፈት በር ይዘህልኝ ትመጣለህ? እናንተ፣ ያንን ሌላውን ሰውዬ ጥሩልኝ!»

«ይከፈታል» እላለሁ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ወደ በሩ እሄዳለሁ። እጀታውን ሽቅብ አነሳ አድርጌ፣ ግራ ትከሻዬን አስገብቼ፣ መቃኑ እንዳይመታኝ አንገቴን ደፍቼ፣ በዳሌዬ ገፋ አደርገዋለሁ። ሳላስበው ነው። በሩ አቃስቶ ይከፈታል።

ዞር ስል አዘጋጁ አፍጥጦ ያየኛል። የራስህ በር ነው ሊለኝ ነው። ለጅቡም ለጥፍሩም መልስ ልሰጥ ነው።

«ድገመው» ይላል።

እደግመዋለሁ።

«አያችሁት?» ይላል በደስታ። «ትከሻውን አያችሁ? አንገቱን አያችሁ? ሰው ወደ ቤቱ እንዲህ አይገባም! አውሬ ነው ወደ ጉድጓዱ እንዲህ የሚገባው! ሸንበቆ፣ ልክ እንደሱ!»

ሸንበቆ ጠጋ ብሎ በአክብሮት ይጠይቀኛል። «ጋሼ፣ እግርዎን ነው የሚያስቀድሙት ትከሻዎን?»

«ትከሻዬን» እለዋለሁ።

ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንዴ አይቶ ያዘው። እጀታውን ያነሳል፣ ትከሻውን ያስገባል፣ ያንን ረጅም አንገቱን ይደፋል። ራሴን ከኋላ አይቼው አላውቅም ነበር። በሩ ያቺኑ ማቃሰቱን ያቃስታል። ቤት ቢሆን ይቺ ድምፅ ስትሰማ ባለቤቴ ገና ሳታየኝ «መጣህ?» ትላለች።

ሸንበቆ ጨለማው ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። እኔ ጆሮዬን ወደ በሩ ዘንበል አድርጌ እጠብቃለሁ።